የክላስተር ዲፕሎማና የትምህርት ጥናት ዲግሪ፦ ከመመዝገብ በፊት

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ ከተማ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሳስተምር ስምንት ዓመት ሆነኝ። ዲፕሎማዬ ክላስተር፣ ማለትም የእነዚህን ክፍሎች ትምህርቶች ሁሉ የሚያጠቃልለው፣ ነው። አሁን ዲግሪ መያዝ እፈልጋለሁ። አንድ የግል ኮሌጅ በርቀት የትምህርት ዕቅድና አስተዳደር ለሚማሩ ምዝገባ ከፍቷል። ባልደረቦቼ ‹ኤዱኬሽን ቀላል ነው፤ እሱን ከያዝሽ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምሪያለሽ፣ ካልሆነም ርዕሰ መምህር ትሆኛለሽ› ይሉኛል። ዲፕሎማዬ ተይዞልኝ በሁለት ዓመት ልጨርስ እችላለሁ? ደመወዜስ ይስተካከላል? ወይስ በክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብማር ይሻላል? ምዝገባው ሊዘጋ ስለሆነ ቶሎ ቢመልሱልኝ።»

ምላሽ፦ ምዝገባው ቢዘጋ የሚያመልጥዎ ነገር የለም፤ የርቀት ትምህርት ምዝገባ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይከፈታል፣ የተሳሳተ ዲግሪ ግን ተመልሶ አይሻርም። ጥያቄዎ የቆመው «ኤዱኬሽን» የሚባል አንድ ዲግሪ አለ በሚል ግምት ላይ ነው፤ ግምቱ ትክክል አይደለም። በአገራችን በዚህ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። የመጀመሪያው የመምህርነት ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ ሒሳብን፣ ባዮሎጂን፣ ጂኦግራፊን ወይም አማርኛን ዋና ትምህርቱ አድርጎ ይይዝና የማስተማር ዘዴን፣ የትምህርት ሥነ ልቦናንና የክፍል ውስጥ ልምምድን ይጨምርበታል፤ ሲመረቅም የሚያስተምረው የታወቀ የትምህርት ዓይነት አለው። ሁለተኛው ትምህርትን ራሱን የሚያጠና ዘርፍ ነው። የትምህርት ዕቅድና አስተዳደር፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት፣ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት እንዲሁም የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የሚመደቡት እዚህ ነው። እርስዎ ሊመዘገቡ ያሰቡት በሁለተኛው ሲሆን፣ ባልደረቦችዎ የሚሰጡዎት ተስፋ ግን ከመጀመሪያው የተወሰደ ነው።

መደባለቁ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የትምህርት ዓይነቱንና የማስተማር ሙያውን በአንድ ዲግሪ ውስጥ ጎን ለጎን ይማር ስለነበር፣ «ኤዱኬሽን ተማረ» ማለት «መምህር ሆነ» ማለት ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ተለወጠና በመጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ተይዞ፣ ከዚያ በኋላ ፒጂዲቲ በሚባለው የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ አንድ ዓመት ገደማ መሠልጠን ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን ወደሚያጣምረው ዲግሪ እየተመለሱ ነው። ሥርዓቱ ሲቀያየር ስሙ እንዳለ ስለቀረ፣ የቆዩ መምህራን ዛሬም በድሮው ትርጉም ይመክራሉ። የሌላውንም አገር ብንመለከት ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ በእንግሊዝ የትምህርት ጥናት የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው በዚያ ዲግሪ ብቻ የመምህርነት ብቃት ማረጋገጫ አያገኝም፣ ማስተማር ከፈለገ የተለየ ሥልጠና መጨመር አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ቁርጥ ያለ ነው፤ በትምህርት ዕቅድና አስተዳደር ዲግሪ ሁለተኛ ደረጃ ገብተው አያስተምሩም። የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚቀጠረው በትምህርት ዓይነት ነው፤ ክፍት የሥራ ቦታው የሚወጣው ለፊዚክስ፣ ለታሪክ ወይም ለእንግሊዝኛ እንጂ ለ«ትምህርት» አይደለም። «ዲግሪውን ይዤ በኋላ ፒጂዲቲ እጨምርበታለሁ» የሚለው ሐሳብም አይሠራም፣ ምክንያቱም ፒጂዲቲ የማስተማር ሙያን የሚጨምረው አስቀድሞ በተያዘ የትምህርት ዓይነት ላይ ነው። እርስዎ የማስተማሩን ሙያ በስምንት ዓመት ሥራ አዳብረውታል፤ ለሁለተኛ ደረጃ የሚጎድልዎ በአንድ የትምህርት ዓይነት ጠለቅ ያለ ዕውቀት ነው። የክላስተር ዲፕሎማ ደግሞ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትን ትምህርቶች ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚያስይዝ በመሆኑ፣ በሊኒየር ዲፕሎማ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ሒሳብን ወይም እንግሊዝኛን፣ ብቻ ይዘው ከተመረቁት ባልደረቦችዎ በተለየ ሁኔታ ላይ ነዎት። ለእነሱ ያንኑ ትምህርት ወደ ዲግሪ ማሳደግ ቀጥተኛ መንገድ ነው፤ ለእርስዎ ግን አንድ የትምህርት ዓይነት መምረጥ ከመሠረቱ መጀመር ማለት ይሆናል። ይህን የሚያነብ የሊኒየር ዲፕሎማ ያለው መምህር ካለ፣ ከዚህ በታች የማቀርበው ምክር ለእሱ አይሠራም፤ እሱ የራሱን የትምህርት ዓይነት ይያዝ።

ርዕሰ መምህርነትን በሚመለከት ባልደረቦችዎ ግማሽ እውነት ነው የነገሩዎት። የትምህርት ዕቅድና አስተዳደር የተቋቋመው ለትምህርት አመራር፣ ለሱፐርቪዥንና ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያነት ሰው ለማፍራት ነው። ሆኖም ርዕሰ መምህርነት ምደባ ነው፤ ክልሉ ባወጣው መስፈርት ከአገልግሎት ዘመንና ከሥራ አፈጻጸም ጋር ተደምሮ በውድድር የሚሰጥ እንጂ ከዲግሪው ጋር የሚታደል አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ርዕሰ መምህርና ጥቂት ምክትሎች ብቻ እንዳሉ፣ እርስዎ በሚሠሩበት ግቢ ብቻ ስንት መምህር ይህንኑ ቦታ እንደሚጠብቅ ቆጥረው ይዩት። በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መሆንም ይቻላል፤ ነገር ግን እዚያ ሲገቡ ከመምህራን የእድገት መሰላል ወጥተው ወደ ሲቪል ሰርቪሱ የደመወዝ ስኬል ይሻገራሉ፣ የክረምት ዕረፍቱም ይቀራል። ከጀማሪ መምህርነት ተነሥተው የወጡበትን መሰላል መልቀቅ አንዳንድ ጊዜ በገንዘብ ረገድ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚሆን፣ ጥሩ መምህራንም ለባለሙያነት ሲጠሩ እምቢ የሚሉት ስለዚህ እንደሆነ ሳይሰሙ አይቀሩም።

አሁን «ቀላል ነው» ወደሚለው ልግባ። ይህ አባባል ዘርፉን ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ተማሪው ሳይዘጋጅ እንዲገባ፣ ገብቶም እንዲያንቀላፋ ያደርገዋል። በትምህርት ጥናት ዲግሪ ውስጥ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሶሲዮሎጂና ሥነ ልቦና አሉ፤ ስታትስቲክስ፣ ምዘናና ልኬት፣ ኢኮኖሚክስና የትምህርት ፋይናንስ አሉ፤ የምርምር ዘዴና የመመረቂያ ጽሑፍም አሉ። እያንዳንዱ የየራሱ የአስተሳሰብ መንገድ ስላለው፣ በአንዱ የጎበዘ በሌላው ይቸገራል።

ሁለት ሦስት ምሳሌ ልስጥ። ትምህርት ቤትዎ በየዓመቱ ለጽሕፈት ቤቱ የሚልከውን የተማሪ ቁጥር ያስቡት። በአንድ ቀበሌ 400 የሰባት ዓመት ልጆች አሉ እንበል፤ አንደኛ ክፍል የተመዘገቡት ደግሞ 460 ናቸው፣ ከእነሱ ሰባት ዓመት የሆናቸው 280 ብቻ ናቸው። ዕድሜ ሳይለይ የተመዘገበው ሁሉ የሚቆጠርበት ጥቅል የተማሪ ተሳትፎ 115 በመቶ ይሆናል፣ በትክክለኛው ዕድሜ ያሉት ብቻ የሚቆጠሩበት ንጥር ተሳትፎ ግን 70 በመቶ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ሽፋኑ ከመቶ በላይ ሆኗል» ብሎ ይደሰታል፤ ሁለተኛውን ያየ ግን ከቀበሌው የሰባት ዓመት ልጆች 120ዎቹ አንደኛ ክፍል ውስጥ እንዳልተገኙ፣ ወንበሩን የያዙት በአብዛኛው ዘግይተው የመጡና የደገሙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይረዳል። የትምህርት ዕቅድ ማለት ከእነዚህ ቁጥሮች ተነሥቶ ስንት ክፍል፣ ስንት መምህርና ስንት መጽሐፍ እንደሚያስፈልግ ማስላት፣ መጠነ ማቋረጥና መጠነ መድገም በሦስት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚያመጡ አስቀድሞ ማየት ነው። የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን 26 መለኪያዎችም፣ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚመድቡት፣ እንዲሁ ለቅጽ ማሟያ የተጻፉ አይደሉም፤ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ብሎ የሚከፍላቸው አስተሳሰብ የዚሁ ትምህርት አካል ነው።

ታሪኩም ከተራ ዝርዝር በላይ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በፊት በየደብሩና በየመስጊዱ ለዘመናት ሲያስተምሩ የኖሩ ቤቶች እንደነበሩ፣ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት የራሳቸው የእርከንና የምዘና ሥርዓት እንደነበራቸው ይማራሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተዘጋጀው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ፣ ሴክተር ሪቪው በሚል የሚታወቀው፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራንን ለአድማ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ መሆኑንም ያገኛሉ። ለትምህርት ዕቅድ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም ብዬ አምናለሁ፤ በባለሙያ የተጠናና በአኃዝ የታጀበ ዕቅድ፣ የሚመለከታቸው መምህራንና ወላጆች ሳይመክሩበት ሲቀር ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች መሰጠቱ፣ የ1986ቱ ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ማድረጉ፣ የ2015ቱ ፖሊሲ ደግሞ እርከኑን ስድስት፣ ሁለትና አራት ብሎ እንደገና መክፈሉ በአንድ ረድፍ የሚነበቡ ናቸው። ሲዳምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባት ሐዋሳ ለምታስተምር ሰው፣ «ልጅ በየትኛው ቋንቋ ማንበብ ይጀምር?» የሚለው ክርክር በየዕለቱ ክፍል ውስጥ የምታገኘው ጉዳይ ነው።

ሥነ ልቦናውንም እንዲሁ ይዩት። ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን በሚችለውና በሰው እገዛ በሚችለው መካከል ስላለው ርቀት የጻፈውን ሲያነቡ፣ ፊደል የለየ ግን ቃል መግጠም ያቃተው የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎ ይታወስዎታል፤ እገዛው መቼ ይጀመር፣ መቼስ ይነሣ የሚለው ጥያቄ ለእርስዎ ባዕድ አይደለም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተነሥተው በቀጥታ ከሚገቡት ወጣቶች የሚበልጡበት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ እነሱ በቃል የሚይዙትን እርስዎ በሥራ ያውቁታል።

የሚያንሱበት ደግሞ ቋንቋው ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። የዲግሪው ትምህርት፣ ሞጁሉም ፈተናውም፣ በእንግሊዝኛ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሕፃናትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲያስተምሩ የቆዩ ሰው ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ከተዉ ቆይተዋል። በዘርፉ የሚወድቁ ጎልማሳ ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው የሐሳቡ ክብደት አይደለም፤ አንድ ገጽ ለማንበብ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅባቸው ሞጁሉን ሳይጨርሱ ፈተና ይደርሳል። በርቀት ሲሆን ችግሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚያስረዳ መምህር የሚገኘው በቱቶሪያል ቀናት ብቻ ነው። ከየትኛውም ምዝገባ በፊት ባሉት ወራት በቀን ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብበው፣ ያነበቡትን በአምስት ዓረፍተ ነገር በራስዎ ቃል መጻፍ ይልመዱ። ከሚገዙት ማንኛውም አጋዥ መጽሐፍ ይህ ይበልጣል።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በከተማችን በገንዘብ አሳይመንት የሚሠሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍም የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ከሥራና ከልጆች ጋር ሲማሩ ወደዚያ የሚገፋፋው ነገር ብርቱ እንደሚሆንም አውቃለሁ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ በመንግሥትም ይማር በግል፣ በመደበኛም ይማር በርቀት፣ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን የሚያካትተውም ከአንደኛው ዓመት አንሥቶ የተወሰዱትን ዋና ዋና ኮርሶች ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ አሳይመንት እዚያ አይረዳም። ያላለፈ ሰው በሌላ ዙር መፈተን ይችላል፣ ቢሆንም ብዙ ዓመት የከፈሉበትን ዲግሪ በእጅ ሳይዙ መቅረት ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙ ኮሌጆች በማስታወቂያቸው አያነሡትም። «በርቀት ለሚማር መውጫ ፈተና የለም» የሚልዎ ምዝገባ ሠራተኛ ካለ፣ ከዚያ ኮሌጅ ለመራቅ ሌላ ምክንያት አያስፈልግዎትም።

ስለ ርቀት ትምህርቱ ራሱ እንነጋገር። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጠቅላላ አግዶ፣ የመምህርነትና የሕግ ትምህርትን ደግሞ ለግል ተቋማት ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ ጥራት ነበር፤ ርቀት ትምህርት ኋላ ላይ በዕውቅና ቢመለስም፣ በመምህራን ዘንድ ጥርጣሬው እስከ ዛሬ አለ። እኔ ርቀት ትምህርት ሁሉ ከንቱ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ በአግባቡ የሚሠራበት ተቋም አለ፣ በክረምት ከቤቷ መውጣት የማትችል እናትም ሌላ አማራጭ ላይኖራት ይችላል። ይሁን እንጂ ማወቅ ያለብዎት፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ዕውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ አለመሆኑን ነው። ዕውቅናው በፕሮግራም፣ በካምፓስና በአሰጣጥ ዘዴ የተለየ ነው። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ የሚሰጠው ፕሮግራም ዕውቅና ማግኘቱ፣ ሐዋሳ ላይ በርቀት ለሚሰጠው ዋስትና አይሆንም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰርተፊኬት የየትኛው ፕሮግራም፣ የየትኛው ቅርንጫፍና እስከ መቼ የሚያገለግል እንደሆነ አንብበው፣ ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ዕውቅና በሌለው ፕሮግራም የተያዘ ዲግሪ ለሰነድ ማረጋገጫ ሲቀርብ ይወድቃል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ለደረጃ ዕድገት ፋይልዎ ሲከፈት ነው።

«ዲፕሎማዬ ተይዞልኝ በሁለት ዓመት» የሚለውም መጣራት አለበት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሚገቡ የመደበኛ ተማሪዎች የጋራ ኮርሶች ዓመት ተጨምሮ፣ ሦስት ዓመት የነበሩት ዲግሪዎች አራት ዓመት ሆነዋል። ዲፕሎማ ላላቸው መምህራን ከዚያ የሚቀነስ ሊኖር ይችላል፤ የሚቀነሰው ግን ኮርስ ከኮርስ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ከክላስተር ዲፕሎማ ውስጥ የትምህርት ሥነ ልቦና፣ አጠቃላይ የማስተማር ዘዴና ምዘና የመሳሰሉት የመያዝ ዕድል አላቸው፤ የአራተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ማስተማሪያ ኮርስ ግን ለትምህርት ፋይናንስ ምትክ አይሆንም። በክረምት ፕሮግራም ደግሞ ጊዜው የሚቆጠረው በክረምት ብዛት ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ክረምት ይሆናል። የትኞቹ ኮርሶች እንደተያዙልዎ ከትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ሳይቀበሉ ማንኛውንም የጊዜ ቃል አይመኑ።

ደመወዙ የሚስተካከለው አዲሱ የትምህርት ደረጃ እርስዎ ለያዙት የሥራ መደብ አግባብነት አለው ተብሎ ሲታመን ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ መምህራን የሚጎዱት። በ2015ቱ ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ደረጃ ወደ ዲግሪ የማሳደግ አቅጣጫ መኖሩ እውነት ነው፤ ይህ ማለት ግን የትኛውም ዲግሪ ለክፍል መምህርነት ይያዛል ማለት አይደለም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት የዕቅድና አስተዳደር ዲግሪ ይዛ ብትመጣ፣ መሥሪያ ቤቱ «ለመደቡ ተዛማጅ አይደለም» ሊላት ይችላል። ያኔ የዲግሪ ወረቀትና የዲፕሎማ ደመወዝ ይዛ ትቀራለች።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ የምመክርዎ ይህ ነው። የትምህርት ዕቅድና አስተዳደርን አይያዙ። ይህ ዘርፍ የሚስማማው አሁን በምክትል ርዕሰ መምህርነት፣ በሱፐርቫይዘርነት ወይም በጽሕፈት ቤት ባለሙያነት ላሉ፣ አለዚያም ለዚያ በቅርብ ለታጩ ሰዎች ነው። ወደፊት አመራር ውስጥ መግባት ቢፈልጉ እንኳ፣ የትምህርት አመራርን በሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ይቻላል፤ ያኔ ከሥሩ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ከክፍል ሥራ ጋር የተያያዘ ቢሆን ይጠቅምዎታል። ከዚያ ይልቅ በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት፣ እሱ በክረምት የማይከፈት ከሆነ በቅድመ ልጅነት ወይም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዲግሪ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በክረምት መርሐ ግብር ይማሩ።

ልዩ ፍላጎትን ያስቀደምኩት በዘፈቀደ አይደለም። በዓይኑ በቅርብ የማያይ፣ በአንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ቁጭ ብሎ መቆየት የማይችል፣ ፊደል የሚገለበጥበት ልጅ በመጀመሪያ የሚገኘው በእርስዎ ክፍል ነው፤ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ውስጥ የሉም። በዚህ ዘርፍ ችግሩን መለየት፣ ለአንድ ልጅ የተለየ የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀት፣ ምዘናን ማስተካከል፣ የብሬይልና የምልክት ቋንቋ መነሻ ዕውቀት ይማራሉ። ሁሉም እዚያው ባሉበት መደብ ሥራ ላይ ይውላል፤ በጉድኝት ማዕከል ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም በአካባቢያቸው ላሉ ትምህርት ቤቶች ማዕከል በሆኑት፣ ውስጥ በሚቋቋሙት የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከላት የመመደብ ዕድልም ይከፍታል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋም አያስቸግርዎትም፣ ርዕሱ በየቀኑ ክፍልዎ ውስጥ ይቀመጣል።

ገደቡንም ልንገርዎ። ይህ ዲግሪ ሁለተኛ ደረጃ አያስገባዎትም፤ የድጋፍ ማዕከላት የሥራ ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አንድና ሁለት ኮርስ የወሰደ ሰውም የምልክት ቋንቋ ችሎታ አለኝ ሊል አይችልም፣ ከመስማት የተሳናቸው ሰዎች ጋር ዓመታት መለማመድ ይጠይቃል። ልብዎ በእውነት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከሆነ ግን የትምህርት ጥናትን ሙሉ በሙሉ ትተው፣ በአንድ የትምህርት ዓይነት ከመሠረቱ ለመጀመር ይወስኑ፤ በመካከል ያለ አቋራጭ የለም።

ክረምቱን የመረጥኩበት ምክንያት ወጪው ብቻ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴን ከሌሎች መምህራን ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው መማር፣ ቤተ መጻሕፍት መግባትና መምህሩን ፊት ለፊት መጠየቅ ለእንግሊዝኛውም ለስታትስቲክሱም መድኃኒት ነው። በክልል ወይም በከተማ ኮታ ከተላኩ ደግሞ ዲግሪው ለመደቡ ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር ገና ሲላኩ አብዛኛውን ጊዜ ያበቃል። በኮታ የተላከ መምህር ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ እንደሚፈርም ይወቁ፤ ከተማ የመቀየር ሐሳብ ካለዎት ውሉን አንብበው ይፈርሙ። ኮታው በየዓመቱ ስለሚለያይ በመጀመሪያው ዓመት ላይደርስዎት ይችላል፤ የሥራ አፈጻጸም ውጤትዎንና በዓመት 60 ሰዓት የሚጠየቀውን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማኅደርዎን የተሟላ አድርገው ቢይዙ በምልመላው ይረዳዎታል።

ከአሁን ጀምሮ የሚያደርጉት ይህ ነው። የዲፕሎማዎን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተመረቁበት ኮሌጅ ያስወጡ፤ የትራንስክሪፕት ጥያቄ ክረምት ሲቃረብ ስለሚበዛ አይዘግዩ። ከዚያም ለከተማው ትምህርት መምሪያ በትምህርት ቤትዎ በኩል ማመልከቻ ይጻፉ፤ ጥያቄዎ «መማር እፈልጋለሁ» የሚል ብቻ አይሁን፣ «በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ብመለስ አሁን ባለሁበት የሥራ መደብ የደረጃና የደመወዝ ማስተካከያ ይደረግልኛል ወይ?» ብለው ዘርፉንም መደቡንም በስም ይጥቀሱ። የቃል መልስ ቢሰጥዎ ማመልከቻዎን መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥር ያስይዙና የጽሑፍ መልስ ይጠብቁ፤ የሚያነጋግርዎ ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ላይኖር ይችላል። ያ ደብዳቤ እጅዎ ሳይገባ ለኮሌጁም ሆነ ለሌላ ማንኛውም ተቋም የምዝገባ ገንዘብ አይክፈሉ።